ማሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት

ልጄ፣ ጀውሃ መመደብህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። የይፋት ቆላ ሰው ያደክማል፤ ሙቀቱም ወባውም የሕሙማኑም ብዛት አያስቀምጥም። አንተ ግን ቅን ልጅ ነህ፤ ትጋት አላነሰህም። የሚጎድልህ ጥንቃቄ ነው። ባለፈው ‹‹የኑክሌር ምስል የልብ ኢንፌክሽንን ያሳያል ይባላል፤ ታዲያ እኔ ጤና ጣቢያ ተቀምጬ ምን ያደርግልኛል?›› ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። መልሴ ካሰብከው ይረዝማል፤ ያ ምስል የሚቃናውም የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ አንተ ጠረጴዛ ላይ ነውና። ረጋ ብለህ አንብበው።

1. ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ብለህ አትለፍ። ቆላ ነህና አስቀድመህ ወባን መመርመርህ ትክክል ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወባው ነጻ ሲወጣ ‹‹ታይፎይድ ይሆናል›› ይባላል፤ ታይፎይዱ በመድኃኒት አልለቅ ሲል ‹‹ብርድ ነው››፤ ቤተሰቡ ደግሞ ‹‹ምች መትቶት ነው›› ብሎ ዳማከሴ ይጨምቅለታል። በዚህ መሐል ሳምንታት ያልፋሉ። ትኩሳቱ ከሳምንት የዘለቀ፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቀው፣ ሰውነቱ እየቀነሰ የሚሄድ ሰው ሲገጥምህ ሸሚዙን አስወልቀውና ልቡን አዳምጥ። በፊት ያልነበረ ድምፅ አለ? ጥፍሩ ሥር ቀጭን የደም ጭረት፣ የዓይኑ ቆብ ሲገለበጥ ነጠብጣብ ደም አለ? ሽንቱን መርምር፤ ደም ሊኖረው ይችላል። ጣፊያው ቢያብጥ የወባ ብቻ እንዳይመስልህ። ከሁሉ በላይ ግን ጠይቀው፤ በልጅነቱ መገጣጠሚያው እያበጠ ይታመም ነበር ወይ? የልብ ቫልቭ ችግር አለብህ ተብሎ ያውቃል? ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል? ባክቴሪያ ጤነኛ ቫልቭ ላይ በቀላሉ አይቀመጥም። የተጎዳ ቫልቭ ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሲያገኝ ግን ተጣብቆ ይቀራል፤ ደምና ፕሮቲን ተከማችቶበት ያድጋል፤ አንድ ቀን ተገንጥሎ ወደ አንጎል ወይም ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ሐኪሙ ዊልያም ኦስለር ስለዚህ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ለንደን ላይ በሰፊው ያስተማረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዚያም በኋላ ፔኒሲሊን እስኪመጣ ድረስ የያዘው ሰው አይተርፍም ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ሊተርፍ ይችላል፤ የሚተርፈው ግን አስቀድሞ የጠረጠረለት ሰው ሲያገኝ ነው።

2. ደም ሳይቀዳ አንቲባዮቲክ አትጀምር። ከምነግርህ ሁሉ ይህን አጥብቀህ ያዝ። ለዚህ ሕመም የደም ካልቸር የሚወሰደው ከተለያየ ቦታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነው፤ ለአዋቂ በየጠርሙሱ 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ቆዳው በደንብ ጸድቶ። አንድ መርፌ ሴፍትሪያክሰን ከቀደመ ባክቴሪያው በአመድ እንደተዳፈነ ፍም ይሆናል፤ ከላይ የጠፋ ይመስላል፣ ከሥር ግን አለ። ካልቸሩ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን በረድ ይላል፤ ሕመምተኛው ‹‹ዳንኩ›› ብሎ ማሾውን ሊያርም ይሄዳል፤ ከወር በኋላ ልቡ ደክሞ ይመጣል። ጉዳቱ በካልቸሩም አያበቃም። የኑክሌር ምስል የሚያሳየው ሰውነት ኢንፌክሽኑን ሲዋጋ የሚፈጥረውን መቆጣት ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ለብዙ ቀን ከቆየ ምስሉም ይደበዝዛል። እንግዲህ ጀውሃ ላይ በችኮላ የተወጋ መርፌ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለን ማሽን ያሳውራል ማለት ነው። ካልቸር የማይሠራበት ቦታ ካለህና ሕመምተኛው የተረጋጋ ከሆነ ቶሎ ላከው፤ ወደ ሸዋሮቢት፣ ካስፈለገም በጣርማበር አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን። መኪናው ሊነሣ ነው ብለህ ‹‹ለመንገድ ይሁነው›› እያልክ አትውጋው። ይህን ስልህ ግን ልብ በል፤ የደም ግፊቱ የወደቀ፣ ራሱን የሳተ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፊትህ ካለ ማንንም አትጠብቅ። ከቻልክ ደሙን ቅዳ፤ ካልቻልክ መድኃኒቱን ስጥና ነፍሱን አትርፍ፤ የሰጠኸውን ስምና ሰዓቱን ጻፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አባቶች፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው ፊት ግን መዘግየት ከችኮላ ይከፋል። ሁለቱን መለየት ያንተ ሥራ ነው።

3. ከመድኃኒት ቤት ምን እንደገዛ ጠይቅ። ‹‹መድኃኒት ወስደሃል?›› ካልከው ‹‹አልወሰድኩም›› ይልሃል። ‹‹ያቺን ቀይና ቢጫ እንክብል ዋጥክ?›› ካልከው ያስታውሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ለሕመምተኛ ተነገረ እንጂ የሚብሰው ለሐኪሙ ነው፤ ጠያቂው ካልጠየቀ ያልደበቀውም ተደብቆ ይቀራል። ጥሬ ወተት ይጠጣ እንደሆነም አጣራ። ከአፋር በኩል የሚመጣውን የግመልና የፍየል ወተት፣ የራሱን ላም ወተት ሳያፈላ የሚጠጣ ብዙ ሰው አካባቢህ አለ። ከብት ሲወልድ ያዋለደ፣ የጨነገፈ ጥጃ በእጁ ያነሣም አይጠፋም። ብሩሴላና ኮክሲየላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከከብት ወደ ሰው ተሻግረው ቫልቭ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በተለመደው ካልቸር ደግሞ በቀላሉ አይገኙም። የተለየ የደም ምርመራ የሚታዘዘው አንተ ከጻፍከው ብቻ ነው።

4. የትኛው ምስል ምን እንደሚያይ እወቅ። ሁልጊዜ ቀዳሚው ኢኮ ነው፤ የልብ አልትራሳውንድ። ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ቫልቩ ላይ የተንጠለጠለውን እድገት በዓይን ያሳያል። ሆኖም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሲሆን ብረቱ ጥላ ይጥልና ኢኮውን ያደናግረዋል። የኑክሌር ምስል ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ፔት ስካን ነው። ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ከጨረር አመንጪ ፍሎሪን ጋር ተያይዞ በደም ሥር ይሰጣል። ኢንፌክሽን የሚዋጉት ሴሎች ስኳር በብዛት ስለሚወስዱ የተቆጣው ቦታ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ደምቆ ይታያል። ከሲቲ ጋር ሲጣመር ድምቀቱ ቫልቩ ዙሪያ ይሁን ሌላ ቦታ ይለያል። ሁለተኛው የሕመምተኛውን የራሱን ነጭ የደም ሴሎች መከተል ነው። ደሙ ይቀዳል፤ ነጭ ሴሎቹ በንጹሕ ክፍል ውስጥ ይለያሉ፤ ቴክኒሺየም ይለጠፍባቸውና ተመልሰው ይሰጡታል፤ ከዚያ በጋማ ካሜራ ከሰዓታት በኋላና በማግስቱ ይነሣል። ሴሎቹ ወደ ኢንፌክሽኑ ሄደው ሲከማቹ ይታያሉ። ይኼኛው አድካሚ ነው፣ ትንንሹንም ሊያመልጠው ይችላል፤ ‹‹እዚህ አለ›› ሲል ግን ከፔት ይልቅ ይታመናል፤ በተለይ ቀዶ ሕክምናው ቅርብ ከሆነ። የማርሴይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ኢንፌክሽን የተጠረጠረባቸውን 72 ሕሙማን ተከታትለው ነበር። በተለመደው መስፈርት ብቻ ከሕመሙ 70 በመቶውን ይይዙ የነበሩት ፔት ሲጨመር 97 በመቶ ደረሱ። አውሮፓውያን የልብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 መመሪያቸው ውስጥ አስገቡት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰው፣ ሕመሙ የሚለይበት የዱክ መስፈርትም ከዋና ማስረጃዎች ጋር ቆጥሮታል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ለልብ ተብሎ የታዘዘው ፔት ጣፊያ ላይ፣ አከርካሪ ላይ፣ ሳንባ ላይ የተበተነውን ኢንፌክሽን አብሮ ያወጣል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተቀበረበት ቦታ ቢመረዝም ይለየዋል።

5. ምስሉ የማያየውንም እወቅ። ወጣት ሐኪም አዲስ ማሽን ሲሰማ ሁሉን ያያል ብሎ ያምናል፤ እኔ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ዋጋ ያስከፍላል። የተፈጥሮ ቫልቭ ላይ ያለች ትንሽ፣ ከልብ ምት ጋር የምትወዛወዝ እድገት ፔት ላይ ብዙ ጊዜ አትታይም። በይፋትም ሆነ በመላ አገራችን የምታያቸው አብዛኞቹ የልብ ሕሙማን ደግሞ የራሳቸው ቫልቭ የተጎዳባቸው ናቸው። ስለዚህ ‹‹ፔቱ ነጻ ነው›› የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ፣ ካልቸሩና ኢኮው ግን ኢንፌክሽን የሚል ሰው ሕመሙ አለበት። አንጎል ደግሞ በተፈጥሮው ስኳር የሚበላ አካል ስለሆነ ሁልጊዜ ደምቆ ይታያል፤ እዚያ የተረጨ ኢንፌክሽን በፔት አይፈለግም፤ ለእሱ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ አለ። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ቫልቭ ከተተከለ ሦስት ወር ሳይሞላ የሚታይ ድምቀት የቁስሉ መዳን ሊሆን ይችላል።

6. የምግቡን ነገር አንተው ራስህ አስረዳ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ልወስድብህ ነው፤ ከእኛ አገር አመጋገብ ጋር ስለሚጋጭ። የልብ ጡንቻ ስኳርም ስብም ያነድዳል። ሰውየው እንጀራ በልቶ፣ ሻይ በስኳር ጠጥቶ ከሄደ ጡንቻው ያንን የተሰጠውን ስኳር መሰል ነገር ይውጥና ልቡ በሙሉ ይደምቃል፤ ቫልቩ በመሐል ይሰወራል፤ ያ ሁሉ ድካምና ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ልቡ ወደ ስብ እንዲዞር ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ ብቻ ይበላል፤ ከዚያ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከውሃ በቀር ምንም አይቀምስም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ማሾ፣ ሽሮ፣ ፍራፍሬ፣ ማር፣ ወተት፣ ለስላሳ የለም። ይህን ለይፋት ገበሬ ስትነግረው ‹‹ያለ እንጀራ ምን ይበላል?›› ይልሃል፤ እውነቱን ነው፣ ስለዚህ ‹‹ስኳር ቀንስ›› ብለህ አታሰናብተው። የሚበላውን በስሙ ቁጠርለት፣ ለሚስቱ ወይም ለእናቱም ድገምላት፤ ድስቱን የምትጥደው እሷ ናት። ቀጠሮው በዓቢይ ጾም ላይ ከዋለ ለክርስቲያኑ ነገሩ ይከብደዋል፤ የጾም ምግባችን ከዳር እስከ ዳር እህልና ጥራጥሬ ነው። አስቀድሞ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ካልሆነለት ለሚያነሡት ሐኪሞች ይነገራቸው፣ ከ18 ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ጾም ሊያዝዙለት ይችላሉ። ሙስሊሙ ወንድማችን በረመዳን ከሄደ ደግሞ ቀኑን መጾሙ ይጠቅመዋል ብለህ አትዘናጋ፤ ማታ በተምር፣ በሾርባና በሳምቡሳ ሲያፈጥር የቀኑን ድካም ያፈርሰዋል። ጫት የሚቅምም ካለ አብሮት የሚጠጣውን ለስላሳ አስታውሰው። የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው ግን በራስህ ፈቃድ እንዳታስጾመው፤ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙ ይወስን። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፤ ደክሞት በዋዜማው ግሉኮስ የተሰቀለለት ሰው እንጀራ ከበላ ሰው አይለይም። ግሉኮስ መስቀል እጃችን ላይ የሠለጠነ ልማድ ስለሆነ በሪፈር ወረቀቱ ላይ በትልቁ ‹‹ግሉኮስ አይሰጠው›› ብለህ ጻፍ።

7. የሪፈር ወረቀቱን አሟልተህ ጻፍ። ‹‹ትኩሳት፣ ለተሻለ ሕክምና›› ብለህ ፈርመህ የምታሰናብተው ሰው ሁሉን እንደ አዲስ ይጀምራል። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ የወሰደውን አንቲባዮቲክ ስምና ቀን፣ ካልቸር ተቀድቶ እንደሆነ፣ ቫልቩ የራሱ ወይስ ሰው ሠራሽ መሆኑን፣ የተተከለበትን ወርና ዓመት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም እንዳለበት፣ ሴት ከሆነች እርጉዝ ወይም የምታጠባ እንደሆነች ጻፍ። የቫልቩ ቀን ከሌለ ምስሉን የሚያነበው ሰው የቁስል መዳንን ከኢንፌክሽን መለየት አይችልም፤ ከላይ የነገርኩህ ሦስት ወር ለዚህ ነው። ኦፕሬሽኑ አዲስ አበባ የተደረገ ከሆነ ካርድ ይኖረዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. የጀመሩት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማዕከሉን ከከፈተ ወዲህ ልባቸው የተጠገነ ልጆች ወደየገጠሩ ተመልሰዋል። አንዳንዶቹ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ያንተም ደጃፍ ይረግጣሉ። ካርዱ ቤት ሳጥን ውስጥ ካለ ሰው ልከህ አስመጣው።

8. ገንዘባቸውን ሳይጨርሱ እውነቱን ንገራቸው። ለፔት የሚሰጠው የፍሎሪን ጨረር በ110 ደቂቃ በግማሽ ስለሚቀንስ ርቆ አይጓዝም፤ ፔት ያለበት ከተማ ፍሎሪኑን የሚሠራ ሳይክሎትሮን ቅርቡ ያስፈልገዋል፤ ናይሮቢ አጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት። የእኛ ሕሙማን ለፔት ሲሉ ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ሆኖባቸው የኖረው በዚህ ነው። ቴክኒሺየም በአንጻሩ በግማሽ የሚቀንሰው በ6 ሰዓት ነው፤ የሚወጣውም ሞሊብደነም ከያዘ ጀነሬተር ስለሆነ በአውሮፕላን ሊመጣ ይችላል። ጥቁር አንበሳ ያለው የኑክሌር ሕክምና ክፍል ለታይሮይድና ለአጥንት ምርመራ የሚሠራው በዚህ ነው። ሞሊብደነሙም ቢሆን በ66 ሰዓት ግማሹ ያልቃል፤ ስለዚህ ማንንም ከመላክህ በፊት ደውል፤ ጀነሬተሩ ገብቷል? ነጭ የደም ሴል የሚለይበት ክፍልና ባለሙያስ አለ? ሰው ከጀውሃ አዲስ አበባ ሄዶ ‹‹የለም›› ተብሎ እንዲመለስ አታድርግ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፤ ቤተሰቡ ‹‹በሬውን ሸጠን ውጭ እንውሰደው›› ሲልህ ዝም አትበል። ጥያቄው ‹‹ምስሉ የሕክምናውን መንገድ ይለውጣል ወይ?›› የሚል ነው። ካልቸሩና ኢኮው ሕመሙን ካረጋገጡ ያ ገንዘብ የሚፈለገው ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ለሚወሰደው የደም ሥር መድኃኒት፣ ለአልጋውና ለቀለቡ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው፣ ኢኮው ያልቆረጠለት፣ ለቀዶ ሕክምና የሚታሰብ ሰው ከሆነ ግን ምስሉ ሊጠቅመው ይችላል፤ እሱን ከልብ ሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ‹‹ኑክሌር›› የሚለው ቃል ቦምብ አስታውሷቸው ከፈሩም አረጋጋቸው፤ የሚሰጠው መጠን ጥቂት ነው፣ ከሰውነትም ቶሎ ይወጣል። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ግን የተለየ ምክክር ያስፈልጋል።

9. ጉሮሮውን አትናቅ። ይህ ሁሉ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅ ቶንሲል ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን አሞት ሳይታከም ሲቀር ሰውነቱ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ሲዋጋ የራሱን ቫልቭ ሊጎዳ ይችላል። አንድ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ ክብደቱ 27 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን፣ ከዚያ በታች 600 ሺህ ዩኒት፣ አለርጂውን ጠይቀህ ብትወጋው መንገዱ እዚያው ሊዘጋ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ቫልቩ አስቀድሞ የተጎዳ ከሆነ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል፤ መዝገብህ ላይ የቀረውን ልጅ ስም ፈልገህ ቤቱ ድረስ ሰው ላክ። እንጥል ማስቆረጥ ዛሬም አልቀረም። የሚቆርጠው ሰው ምላጩን ለሌላ ልጅም ተጠቅሞበት ይሆናል፤ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ደግሞ ባለበት ይቀራል፤ ልጁም ፔኒሲሊኑን ሳያገኝ ይሄዳል። እናቶችን አትቆጣ፤ ልጃቸው እንዲድን ብለው ነው የሚያደርጉት፤ መርፌው እንደሚሻል አሳያቸው። ጥርስም እንዲሁ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው አዋቂ ጥርሱን ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት 2 ግራም አሞክሳሲሊን ይወስዳል፤ ገበያ ላይ በጉጠት የሚነቅል ሰው ይህን አይጠይቅም፣ አንተ አስቀድመህ ንገረው።

10. ከተመለሰ በኋላም ያንተ ነው። ስድስት ሳምንት ተኝቶ መድኃኒቱን ጨርሶ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብለህ አንብበው፤ የተገኘውን ባክቴሪያ፣ የተሰጠውን መድኃኒት፣ የሚቀጥለውን የኢኮ ቀን መዝግብ። ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ የደም መርጋት ምርመራውን የት እንደሚያደርግ አብራችሁ ወስኑ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ የሚመለስባቸው ናቸው። ትኩሳት ከተሰማው በዚያው ቀን ወደ አንተ እንዲመጣ፣ በመንገዱም ምንም ክኒን እንዳይውጥ ለእሱም ለቤተሰቡም ንገራቸው፤ ስልክህን ስጣቸው። ሲመጣም መጀመሪያ ደሙን ቅዳ፣ ቀጥለህ ላከመው ሐኪም ደውል።